ዘፈን ጭፈራን ይመራል፣ ፊደል ዘፈንን ይጠብቃል

ስለ አምቦና ስለ ምዕራብ ሸዋ ከተሞች ባህላዊ ዘፈንና ጭፈራ በሬዲዮ የተሰጠ ትምህርት

ፊደል ቆጥራችሁ፣ ስማችሁን ጽፋችሁ፣ አሁን ደግሞ ረዘም ያለ ጽሑፍ ማንበብ የጀመራችሁ እናቶችና አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፣ ይህ ትምህርት በመጀመሪያ በሬዲዮ ይነገራል። ከዚያም ታትሞ በእጃችሁ ይገባል። ስለዚህ ዛሬ በጆሮ የሰማችሁትን ነገ በዓይናችሁ ታነቡታላችሁ ማለት ነው።

የዛሬው ትምህርታችን የታሪክ ትምህርት ነው። ታሪክ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነት ነው። ግን ዘፈንም እኮ ታሪክ አለው! ጭፈራም ታሪክ አለው። በአምቦ፣ በጉደር፣ በጊንጪ፣ በጌዶ፣ በባኮ፣ በአዲስ ዓለም፣ በሆለታ ሰርግ ሲሆን የሚዘፈነውን ዘፈን ማን አቆየው? ጽሕፈት የማያውቅ ሰው እንዴት አድርጎ ለልጅ ልጁ አስተላለፈው? ዛሬስ ለምን እየጠፋ ይሄዳል? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ይዘን እንጓዛለን።

አስቀድመን በአንድ ነገር እንስማማ። ዘመን ስንቆጥር «ዓ.ም.» ካልን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። «እ.አ.አ.» ካልን ደግሞ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

1. አገሩና ሰዉ

አምቦ ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ያላት ርቀት ከ110 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ቀድሞ ሀገረ ሕይወት ትባል ነበር። ያኔ የጅባትና ሜጫ አውራጃ ዋና ከተማ ነበረች። ዛሬ የምዕራብ ሸዋ ዞን ዋና ከተማ ናት። የአምቦን ውሃ የማያውቅ ማን አለ? ከመሬት የሚፈልቀው ውሃ በጠርሙስ እየታሸገ በየአገሩ ይሸጣል።

በዚህ አገር አብዛኛው ሕዝብ ኦሮሞ ነው። ከኦሮሞም ሜጫ የሚባለው ወገን ነው። የሜጫ ኦሮሞ የገዳ ሸንጎ የነበረበት ኦዳ ቢሲል የሚባለው ሥፍራ የሚገኘው በዚሁ በምዕራብ ሸዋ ነው። ኦዳ ማለት ትልቅ ዋርካ ነው። ሽማግሌዎች ከዋርካው ሥር ተሰብስበው ሕግ ይናገሩ ነበር። ሕጉ በወረቀት ላይ አልተጻፈም። በቃል ተነገረ፣ በቃል ተያዘ፣ በቃል ተላለፈ።

በከተሞቹ ውስጥ ደግሞ አማራው፣ ጉራጌውና ሌላውም አብሮ ይኖራል። ስለዚህ አምቦ ውስጥ ሰርግ ሲኖር ኦሮምኛው ዘፈን ያልቃል፣ አማርኛው ይቀጥላል። አንዱ በትከሻው እስክስታ ይመታል፣ ሌላው በእግሩ መሬቱን ይረግጣል። ጎረቤት ከጎረቤቱ ዘፈን ይማራል።

2. ዘፈን እግርን እንዴት ያዛል?

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። በአገራችን ባህል ዘፈንና ጭፈራ ሁለት የተለያዩ ነገሮች አይደሉም። አንድ ናቸው። ዘፋኝ ለብቻው፣ ጨፋሪ ለብቻው፣ ተመልካች ለብቻው የሚሆነው በመድረክ ላይ ነው። በመንደር ግን የሚዘፍነውም፣ የሚያጨበጭበውም፣ የሚጨፍረውም ያው ሰው ነው።

እንዴት እንደሚሠራ ልብ በሉ። አንድ አውራጅ አለ። አውራጅ ማለት ዘፈኑን የሚያወጣው ሰው ነው። ሌሎቹ ተቀባዮች ናቸው። አውራጁ አንድ አጭር ስንኝ ያወጣል። ተቀባዮቹ አዝማቹን ይመልሳሉ። አዝማች የሚባለው እየተደጋገመ የሚመለሰው ቃል ነው። አውራጁ ሲናገር እግር ይረጋጋል፣ ጆሮ ይሰማል። ተቀባዩ ሲመልስ እግር መሬት ይመታል። እንግዲህ አስተውሉ፦ እግሩን ያዘዘው ቃሉ ነው። ቃሉ ባይኖር እግሩ መቼ እንደሚመታ አያውቅም።

ከበሮም ሥራ አለው። ከበሮ በኦሮምኛ ድቤ ይባላል። ከበሮ ከሌለ ጭብጨባ ይተካዋል። አንዱ ምት ጠንካራ፣ አንዱ ምት ለስላሳ ይሆናል። ዘፈኑ ሲጀመር ዝግ ይላል። ቀስ በቀስ ይፈጥናል። ሲፈጥን ስንኙ ያጥራል። በመጨረሻ አንድ ቃል ብቻ ይቀራል፤ ከዚያ ቃሉም ይቀርና ትንፋሽና የእግር ድምፅ ብቻ ይሰማል። ያን ጊዜ ጨፋሪው ላብ በላብ ይሆናል። አውራጁም ያያል፤ ሰዉ መድከሙን ሲያውቅ ዘፈኑን መልሶ ያበርደዋል። ጥሩ አውራጅ ማለት ድምፁ ያማረ ብቻ አይደለም። የሰዉን ጉልበት የሚያውቅ ነው።

በሸዋ ኦሮሞ ዘንድ በጣም የታወቀው ጭፈራ ረገዳ ይባላል። «መረገድ» የሚለውን ቃል በአማርኛም እናውቀዋለን። ማሸብሸብና መረገድ እንል የለም እንዴ? በረገዳ እግር መሬት ይመታል፣ ጉልበት ይታጠፋል፣ ደረትና አንገት ይከተላሉ። ወንዶች ብዙ ጊዜ ሽመል ይይዛሉ። ወደ ሐረርጌ ብትሄዱ ደግሞ ሸጎዬ የሚባል ሌላ ጭፈራ ታገኛላችሁ። በሸጎዬ ወጣት ወንዶችና ልጃገረዶች ፊት ለፊት ቆመው አንገታቸውን እያወዛወዙ ይጨፍራሉ። ሁለቱም የኦሮሞ ጭፈራ ነው፤ ግን ዘፈኑ ሲለያይ የሚንቀሳቀሰው አካልም ይለያያል።

3. እያንዳንዱ ዘፈን የራሱ ቀን አለው

በመንደር ዘፈን ዝም ብሎ አይዘፈንም። ቀንና ምክንያት አለው። መስቀል የራሱ ዘፈን አለው። ጥምቀትም አለው። ገበሬ በሬዎቹን በአውድማ እያዞረ ሲያበራይ የሚለው ዜማ አለ። ደቦ ወጥቶ የሚታጨድበት ዘፈን አለ። በደቦ ዘፈን ማጭዱ ሁሉ በአንድ ላይ ይወርዳል፣ በአንድ ላይ ይነሣል። እዚያም እንደ ጭፈራው ነው፤ ክንድን የሚያዘው ዘፈኑ ነው። ሥራው ይቀልላል፣ ሰነፉም ከጎበዙ እኩል ይሄዳል።

ከሁሉ የሚበልጠው የሰርግ ዘፈን ነው። በኦሮሞ ሰርግ አረብሶ የሚባል ዘፈን አለ። አረብሶ የስድብ ዘፈን ነው፤ ግን የጥል ስድብ አይደለም። ሚዜዎቹ ሙሽራዋን ሊወስዱ ሲመጡ የሙሽራዋ ጓደኞች በዘፈን ይቀበሏቸዋል። ስለ ሚዜው ልብስ፣ ስለ መልኩ፣ ስለ ንፉግነቱ ገጥመው ይሰድቡታል። ሚዜውም ዝም አይልም፤ በዘፈን ይመልሳል። ማንም አይቀየምም። በአማርኛ ሰርግም በር ዘግቶ ሰርገኛን በዘፈን የሚፈታተን አለ።

ታዲያ አረብሶ ጨዋታ ብቻ ነውን? አይደለም። በአዘቦት ቀን በትልቅ ሰው ፊት ቀና ብላ የማትናገር ልጃገረድ በዚያ ቀን በዘፈን የልቧን ትናገራለች። ጓደኛዋን ለማያውቁት ሰዎች አሳልፋ ስትሰጥ፣ «እኛ ወገኖቿ እዚህ አለን፣ ብትበድሏት እንሰማለን» ብላ ማስጠንቀቋ ነው። ፍርድ ቤት የማትደርስ ልጅ በዘፈን ምስክር አቆመች ማለት ነው።

ጌረርሳ ደግሞ የተለየ ነው። ጌረርሳ እንደ አማርኛው ቀረርቶና ፉከራ ነው። አንድ ሰው ለብቻው ቆሞ፣ ድምፁን እየሳበ ያሰማል። በጥንት ጊዜ አንበሳ ወይም ጎሽ የገደለ አዳኝ፣ ከጦርነት የተመለሰ ጀግና ነበር የሚለው። በኋላ ግን ድሃውም ችግሩን፣ የታሰረውም እስራቱን፣ የተበደለውም በደሉን ይናገርበት ጀመር። ረገዳ እግርን ይጠይቃል። ጌረርሳ ግን ጆሮን ይጠይቃል። ሰዉ ዝም ብሎ ይሰማል፤ በመሃል «እሰይ» ይላል።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ያለ ወረቀት የተያዘ ነው። ለፊደል አልባው ሰው ዘፈን መጽሐፉ ነበር። ጭፈራው ደግሞ መጽሐፉ እንዳይረሳ የሚያደርገው ነበር። ምክንያቱም እግር የለመደውን ቃል አፍ አይረሳውም።

4. ፊደል የተማረች አንዲት ልጅ

ይሁን እንጂ በቃል ብቻ የተያዘ ነገር አንድ አደጋ አለበት። ሰዉ ሲሞት አብሮ ይሞታል። ይህን ቀድማ የተገነዘበች አንዲት ሴት ነበረች። ስሟ አስቴር ጋኖ ይባላል።

አስቴር በልጅነቷ በባርነት ተሸጠች። ባሕር አሻግረው ሊወስዷት በመርከብ ሲያጓጉዟት እ.አ.አ. በ1886 ጣሊያኖች መርከቡን ይዘው ነፃ አወጧት። ከዚያ ምጽዋ አጠገብ እምኩሉ በሚባል ሥፍራ በነበረው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገባች። ፊደልም ተማረች።

ፊደል ስትማር ምን አደረገች? በልጅነቷ የሰማችውን ሁሉ ከአእምሮዋ አውጥታ ጻፈች! እንቆቅልሹን፣ ተረቱን፣ ምሳሌውን፣ ዘፈኑን፣ ወደ 500 የሚሆን የኦሮሞ የቃል ቅርስ አሰባሰበች። ከእናትና ከአባቷ ተነጥቃ፣ ከአገሯ ርቃ ሳለች፣ ከእርሷ ጋር የቀረው የሰማችው ቃል ብቻ ነበር። ኦነሲሞስ ነሲብ ከእርሷ ጋር ሆነው እ.አ.አ. በ1894 የኦሮምኛ የንባብ መጽሐፍ አሳተሙ። ከአስቴር የሰበሰበችው ብዙው በዚህ መጽሐፍ ወጣ። የተጻፈውም በእነዚሁ እናንተ ዛሬ በምታነቡአቸው የግዕዝ ፊደሎች ነው። በኋላ ሁለቱም ወደ ወለጋ ተመልሰው በነቀምቴ አስተማሩ። ነቀምቴ በአምቦ መንገድ ወደ ምዕራብ ሲኬድ የሚደረስባት ከተማ ናት።

አድማጮቻችን፣ ይህን ልብ በሉ። አስቴር ልዕልት አልነበረችም። ባለሥልጣንም አልነበረችም። አዲስ አንባቢ ነበረች፤ እንደ እናንተው።

5. የወንዙ ጎረቤት፣ ግብፅ

አሁን ትንሽ ራቅ እንበል። የጉደርን ወንዝ ታውቁታላችሁ። የጉደር ውሃ ወርዶ ዓባይ ይገባል። ዓባይም ሱዳንን አቋርጦ ግብፅ ይደርሳል። ውሃው የሚሄድበት አገር ሰዎችስ እንዴት ይዘፍናሉ? እንዴት ይጨፍራሉ? ብንመለከት ብዙ የሚመሳሰል ነገር እናገኛለን።

እኛ ክራር አለን። ግብፆች ሲምሲሚያ የሚባል የክራር ዘመድ አላቸው። ፖርት ሰይድ፣ ኢስማኢሊያና ስዊዝ በሚባሉት በስዊዝ ቦይ ዳር ባሉ ከተሞች ይመቱታል። በጦርነት ጊዜ ከቤታቸው ሲፈናቀሉ ናፍቆታቸውንና ቁጣቸውን በእርሱ ዘፍነዋል። እኛ በአንድ የፈረስ ጭራ ጅማት የሚመታ ማሲንቆ አለን። እነርሱም ረባባ የሚባል የማሲንቆ ዘመድ አላቸው።

ከጭፈራቸው ደግሞ ታህቲብ የሚባለውን እንመልከት። ታህቲብ የሽመል ጨዋታ ነው። በተለይ በደቡብ ግብፅ ይታወቃል። በሰርግና በበዓል ሁለት ወንዶች ረጃጅም ሽመል ይዘው ክብ ውስጥ ይገባሉ። ከበሮ ይመታል፣ ሚዝማር የሚባለው የትንፋሽ መሣሪያ ይነፋል። በጥንት ዘመን ይህ የጦር ትምህርት ነበር። በጥንታዊ ግብፅ ሕንፃዎች ግድግዳ ላይ ተቀርጾ ይታያል። ዛሬ ግን መጎዳዳት የለም። ሽመሉ ይሰነዘራል፣ ይመከታል፤ ፍጥነቱን የሚወስነው ከበሮው ነው። እዚያም እንደ እኛው ዘፈንና መሣሪያ አካልን ያዛሉ።

የሚገርም ነገር ልንገራችሁ። በኅዳር 2009 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት፣ ማለትም ዩኔስኮ፣ የዓለምን ባህል የሚመዘግበው ጉባኤ በአዲስ አበባ ተሰብስቦ ነበር። በዚያ ጉባኤ የኦሮሞ ገዳ ሥርዓት በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። በዚያው ጉባኤ የግብፅ ታህቲብም ተመዘገበ። የወንዙ ላይና የወንዙ ታች ሰዎች በአንድ ስብሰባ፣ በአንድ ከተማ፣ ቅርሳቸውን አስመዘገቡ።

ሌላም ግንኙነት አለ። ሀሊም ኤል-ዳብ የሚባሉ የሙዚቃ ሊቅ እ.አ.አ. በ1921 በካይሮ ተወለዱ። በመንደር የሚዘፈነውን ዘፈን መስማትና መቅረጽ ይወዱ ነበር። ወደ አዲስ አበባ መጥተው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ። እ.አ.አ. በ1963 ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ የተባለውን ቡድን አቋቋሙ። ከዚያ በፊት አብዛኛውን ጊዜ ክራር መቺው ለብቻው፣ ማሲንቆ መቺው ለብቻው፣ ዋሽንት ነፊው ለብቻው ነበር። እርሳቸው ከየብሔረሰቡ የመጡትን ባለሙያዎች አንድ ላይ አስቀምጠው አብረው እንዲጫወቱ አደረጉ። ግብፃዊው ሰው የእኛን መሣሪያ አላናቁም። ይልቁንም ለእኛው አስከበሩልን።

6. ከአውድማ ወደ መድረክ

በግብፅ እ.አ.አ. በ1959 ማሕሙድ ረዳ የተባሉ ጨፋሪ ከወንድማቸውና ከጓደኞቻቸው ጋር የጭፈራ ቡድን መሠረቱ። ወደ ገጠር ወርደው የገበሬውን፣ የዓሣ አጥማጁን ጭፈራ አጠኑ። ከዚያም ለመድረክ እንዲመች አድርገው አሰናዱት። ቡድኑ በዓለም ታወቀ። ብዙ የከተማ ሰው «ይህ የገጠር ነው» ብሎ ይንቀው የነበረውን ጭፈራ አከበረ። ይህ ትልቅ ሥራ ነው።

በአገራችንም እንዲሁ ሆኗል። ሀገር ፍቅር ቲያትር በ1927 ዓ.ም. ተመሠረተ። ብሔራዊ ቲያትር በ1948 ዓ.ም. ተከፈተ። በደርግ ዘመን ደግሞ በየቀበሌውና በየአውራጃው የኪነት ቡድን ተቋቋመ። ወጣቶች የየአካባቢያቸውን ጭፈራ ተለማምደው በመድረክ አሳዩ። በ1980 ዓ.ም. ገደማ «ሕዝብ ለሕዝብ» የተባለው የኪነት ጉዞ በድርቁ ጊዜ የረዱንን አገሮች ለማመስገን ወደ ውጭ ወጣ። የኢትዮጵያ ጭፈራዎች በብዙ አገር ታዩ።

ጥቅሙን አየን። ጉዳቱንስ? ጉዳትም አለው። በመንደር ጭፈራው ክብ ነው፤ ሁሉም ፊቱ ወደ መሃል ነው። በመድረክ ጨፋሪዎች መስመር ይሠራሉ፤ ፊታቸው ወደ ተመልካች ነው። በመንደር አንድ ዘፈን እስኪነጋ ሊቆይ ይችላል። በመድረክ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይሰጠዋል። በመንደር አውራጁ ያየውን ሁሉ እዚያው ይገጥማል፦ የመጣውን እንግዳ፣ የተበላሸውን መንገድ፣ የደረሰውን እህል። በመድረክ ግን ቃሉ አስቀድሞ የተወሰነ ነው። በኪነት ዘመን ብዙ ጊዜ ዜማው የመንደሩ፣ ቃሉ የመንግሥት ነበር። እግሩ ቀረ፣ የእናቶቻችን ቃል ግን ወጣ።

በከተማም ሌላ ለውጥ መጣ። እ.አ.አ. በ1960ዎቹ በድሬዳዋ አፍራን ቀሎ የሚባል የሙዚቃ ቡድን ተነሣ። ያን ጊዜ ኦሮምኛ በትምህርት ቤት አይሰጥም ነበር። ወጣቶቹ ግን በዘመናዊ መሣሪያ በኦሮምኛ ዘፈኑ። ከመካከላቸው ዓሊ ቢራ እጅግ የታወቀ ሆነ። ዓሊ ቢራ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በአዳማ አረፈ። የእርሱና የጓደኞቹ ዘፈን በካሴት ወደ ምዕራብ ሸዋም ደረሰ። ካሴት ዘፈኑን ሩቅ አደረሰ። ነገር ግን ካሴት ሲዘፍን ሰዉ ተቀባይ መሆኑን ተወ። ዝም ብሎ ይሰማል፤ ወይም ይጨፍራል፤ አይመልስም።

7. ከአምቦ የወጣ ድምፅ

ስለ አምቦ ዘፈን ተነግሮ ሃጫሉ ሁንዴሳ ሳይነሣ አይቀርም። ሃጫሉ በአምቦ ተወለደ፤ በአምቦ አደገ። በ17 ዓመቱ፣ እ.አ.አ. በ2003፣ በተቃውሞ ምክንያት ታስሮ 5 ዓመት በአምቦ እስር ቤት ቆየ። በእስር ቤት ሆኖ ግጥምና ዜማ አዘጋጀ። ከወጣ በኋላ እ.አ.አ. በ2009 የመጀመሪያ አልበሙን አወጣ። እ.አ.አ. በ2015 ያወጣው «ማላን ጅራ» የተሰኘው ዘፈን በአገሩ ሁሉ ተሰማ። ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በጥይት ተገደለ። ሰኔ 25 ቀን በአምቦ ተቀበረ። በዚያን ሰሞን በተነሣው ሁከት የብዙ ሰው ሕይወት ጠፋ።

ለምን ይህን አነሣን? ስለ ፖለቲካ ለመከራከር አይደለም። ስለ ዘፈን ኃይል ለመናገር ነው። ሃጫሉ በጊታርና በኪቦርድ ቢዘፍንም ሥሩ ጌረርሳ ነበር። ከላይ እንዳልነው ጌረርሳ የጀግናም፣ የታሳሪም፣ የተበደለም ድምፅ ነው። አያቶቹ በዋርካ ሥር ያሉትን እርሱ በመድረክ አለው። የሰማው ሰው ሁሉ ወዲያው የተረዳው ዜማውን ከልጅነቱ ጀምሮ ስለሚያውቀው ነው። ጌረርሳን ያልሰማ ትውልድ ቢሆን ኖሮ ያ ድምፅ እንዲያ አይገባውም ነበር። ዘፈን ያለ ሥር አይበቅልም።

8. ታዲያ እኛ ምን እናድርግ?

ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። ዘመቻው ሲሰፋ በ15 ቋንቋዎች ተሰጠ። ኦሮምኛም አንዱ ነበር፤ የሚጻፈውም በግዕዝ ፊደል ነበር። በ1984 ዓ.ም. ግን ኦሮምኛ ቁቤ በተባለው በላቲን ፊደል በይፋ መጻፍ ጀመረ። ስለዚህ ዛሬ በአንድ ቤት ውስጥ አያት በአንድ ፊደል፣ የልጅ ልጅ በሌላ ፊደል ያነባሉ። ይህ ችግር ሊመስል ይችላል። ግን መልካምም ሊሆን ይችላል። አያት ዘፈኑን ታውቃለች፤ የልጅ ልጅ በቁቤ ይጽፋል። አያትም በምታውቀው ፊደል ትጽፋለች። ሁለቱ ይመሳከራሉ። እንዲህ ሲሆን አያትም አስተማሪ ሆነች ማለት ነው።

ዘፈን ስትጽፉ እንዲህ አድርጉ፦

አንደኛ፣ ቃሉን እንደተዘፈነው ጻፉ። «ይህ የገጠር አነጋገር ነው» ብላችሁ አታርሙት። የጊንጪው ከጉደሩ ቢለይ ሁለቱንም ጻፉ። ልዩነቱም ቅርስ ነው።

ሁለተኛ፣ አውራጁ የሚለውን ለብቻ፣ ተቀባዩ የሚመልሰውን ለብቻ አድርጉ።

ሦስተኛ፣ እግር በሚመታበት ቃል ሥር መስመር አስምሩ። እንዲህ ካደረጋችሁ ወረቀቱ ቃሉን ብቻ ሳይሆን ጭፈራውንም በጥቂቱ ይይዛል።

አራተኛ፣ የት፣ መቼ፣ በምን ምክንያት እንደሚዘፈን ጻፉ። የሰርግ ነው? የመስቀል ነው? የአውድማ ነው? የወንድ ነው ወይስ የሴት?

አምስተኛ፣ ዘፈኑን ያስተማረችውን ሰው ፈቃድ ጠይቁ። በተለይ አረብሶ የሰው ስም ሊያነሣ ይችላል። ለጨዋታ የተባለው ነገር በወረቀት ላይ ሲወጣ ቅያሜ እንዳያመጣ ተጠንቀቁ።

«በተንቀሳቃሽ ስልክ መቅዳት አይበቃም ወይ?» የሚል አይጠፋም። ቅዱ፤ ጥሩ ነው። ድምፁንና የእግሩን አጣጣል ከወረቀት ይልቅ ስልክ ይይዘዋል። ግን ስልክ ይበላሻል፣ ይጠፋል። ደግሞም ማን እንደዘፈነው፣ ለምን እንደተዘፈነ ካልተጻፈበት ከጥቂት ዓመት በኋላ የሚሰማው ሰው ምንም አይገባውም። ስለዚህ ስልክም ይቅዳ፣ እጅም ይጻፍ።

አንድ ነገር ግን አትርሱ። የተጻፈ ዘፈን በሣጥን ውስጥ ብቻውን ቢቀመጥ እንደ ዘር ነው። ዘር በጎተራ ይጠበቃል እንጂ በጎተራ አይበቅልም። መሬት ይፈልጋል። የዘፈን መሬቱ ክቡ ነው፤ አውራጁና ተቀባዩ የሚቆሙበት ክብ። ስለዚህ በሚቀጥለው ሰርግ ድምፅ ማጉያውን ለአንድ ሰዓት ያህል ዝም አሰኙት። እናቶችን አስቀድሙ። እነርሱ ያውርዱ፤ ልጆቹ ይቀበሉ። እግራቸው ከቃሉ ጋር መሬት ሲመታ፣ ያን ጊዜ ዘፈኑ ለሌላ ትውልድ ተላለፈ ማለት ነው።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

አንብባችሁ ስትጨርሱ ከጓደኞቻችሁ ጋር በእነዚህ ጥያቄዎች ተወያዩ።

1. አውራጅና ተቀባይ ማለት ምን ማለት ነው? በሠፈራችሁ የታወቀው አውራጅ ማን ነው?
2. አስቴር ጋኖ ፊደል ስትማር ምን አደረገች? ለምን ይመስላችኋል?
3. ጭፈራ ወደ መድረክ ሲወጣ ምን ያተርፋል? ምን ያጣል?
4. እናታችሁ ወይም አያታችሁ የምታውቀውን፣ እናንተ ግን የማታውቁትን አንድ ዘፈን ጠይቁ። በደብተራችሁ ጻፉት።

አራተኛውን ጥያቄ አታሳድሩት። የቀሩት ጥያቄዎች ለሚመጣው ሳምንት ቢቆዩ መልሳቸው በዚህ ጽሑፍ ላይ አለ። የአራተኛው መልስ ያለው ግን በአንዲት አሮጊት እናት አፍ ላይ ነው።